ሀብተጊዮርጊስ የሚባል ሰው

የካቲት 3 ቀን 1981

ጨው ገባ። ግማሹ ጆንያ እርጥብ ነው። ሹፌሩ "ዝናብ መታኝ" አለ። በየካቲት? ሳቅኩበት። ከዋጋው ቀነሰ።

ከዚያ በፊት ማለዳ መርፌዬን ተወግቼ መጥቻለሁ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሄዶ መመለሱን ለምጄዋለሁ። ጎረቤቴ ጀማለዲን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ "ሱብሂ ሰግደህ የት ነው የምትጠፋው?" ይለኛል። ዕቃ ፍለጋ እለዋለሁ። ያምናል። የት እንደምፈልግ አይጠይቅም፤ ነጋዴ ይህን አይጠይቅም።

ሆስፒታል ስገባ ሸኩር አይደለሁም። ሀብተጊዮርጊስ ወልዴ ነኝ። ካርድ ሲያወጡልኝ ማንም እኔ ነኝ ብሎ የማይጠረጥረውን ስም ፈለግኩ... ያ መጣልኝ። ዛሬ መርፌው ሲገባ ሳላስበው "ቢስሚላህ" አልኩ። ሲስተር ብርሃንነሽ ቀና ብላ አየችኝ። "ጊዮርጊስ ይማርዎት" አለች። ሳቋን ዋጠችው። ስለ ስሜ አልጠየቀችኝም። ደግ ሴት።

ለምን እደብቃለሁ? የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው የሰፈረውን ጨው ማን ይገዛል? ይኸው ነው።

ዙሀራ ልጆቹን ይዛ አጋሮ፣ አባቷ ቤት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፍቷል። ተስማምተን ነው። አክታዬ ሲጠራ ይመለሳሉ። ለዒድ ብለናል። ለጎረቤት "እናቷን አሟት" ነው የተባለው። የማወራው ሰው የለም። ይህን መጻፍ የጀመርኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

የካቲት 6

መርፌ ቤት ደጃፍ አግዳሚ አለ። እዚያ ላይ ዘወትር አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አሞጽ ይባላል። ከከምባታ የመጣ ነው። በቡና ማበጠሪያ ጆንያ ይሸከማል። ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩን አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ነው የሚያወጣው። የኔንም ጨው ተሸክሞ ስለሚያውቅ ገና በመጀመሪያው ቀን "ጋሽ ሸኩር አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ዝም በል አልኩት። ገባው። ገበያ ላይ እንዳንተዋወቅ ተዋዋልን። እሱ ያስታውሰኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር... እኔ ተሸካሚ ሁሉ መቼ አስታውሳለሁ?

ዛሬ ተጠሪ አምጣ አሉት። የቀን ሠራተኛ መድኃኒት ጀምሮ ይጠፋል፣ ሲጠፋ የሚጠየቅ የከተማ ሰው ያስፈልጋል አሉ። እሱ ጅማ ውስጥ ማን አለው? ዞሮ አየኝ። አንዳንዴ ሰው ሳያስብ እጁን ያወጣል። "እኔ እሆናለሁ" አልኩ። ሀብተጊዮርጊስ ወልዴ፣ በቾ ቦሬ፣ ገበያው አጠገብ። ፈረምኩ።

ስንወጣ፣ "ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ ብጠፋ ማንን ነው የሚጠይቁት? እርስዎም እኮ የሉም!"

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ የሁለታችንም።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ትልቁ ገበያ። ቡናውን መንግሥት ይግዛው፣ ጨውና ጆንያው ለኛ ይበቃናል። ጥሩ ዋልኩ።

አሞጽ በሱቄ ፊት አለፈ፤ ጆንያ ተሸክሟል። እንዳያየኝ አንገቱን ጠምዝዞ ሲሄድ ከጋሪ ጋር ተጋጨ። ባለ ጋሪው ሰደበው። እኔ ሚዛኔን አየሁ። ውላችን ሠርቷል... ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የካቲት 19

ማጅራት ገትር ገብቷል ይላሉ። ጠዋት አንገቴን ያለ፣ ማታ ይቀበራል። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ "ተከተቡ" እያለ ይዞራል።

ከሰቃ ገበያ ነጭ ሽንኩርት አስጫንኩ። ሰው በአንገቱ እያንጠለጠለ ነው። ይረዳል? እኔ እንጃ። ይሸጣል።

አንዲት ደንበኛዬ አንድ ሽማግሌ ሲያስሉ ሰምታ ከሱቄ ደጃፍ ሮጠች። ገትር እኮ ሳል የለውም ልላት አፌን ከፈትኩ... ከየት አወቅህ ብትለኝስ? ገጠምኩት።

የካቲት 27

የኛን ክፍል ወሰዱት። አስተኝተው የሚያክሟቸውን የነቀርሳ በሽተኞች ወደየቤታቸው ሰደዱ። አግዳሚው ሳይቀር ወጥቶ የገትር በሽተኛ ተኝቶበታል። ግቢው ድንኳን ሆኗል። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ልጁ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ፊቴን አዞርኩ። ለኔ መርፌ ብዬ እንዴት ልጠይቅ?

ሲስተር ብርሃንነሽ ዓይኗ ቀልቷል። አልተኛችም መሰለኝ። ቆመን ሳለ ለያንዳንዳችን ክኒን ሰጠችን። "የኛ መድኃኒት በዚህ ሳምንት አልመጣም። መኪናው የጫነው የገትሩን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ እንፈልግላችኋለን፤ ሰው ልከን እናስጠራችኋለን። እስከዚያ ይህን ሳታጓድሉ ዋጡ።"

ለኔ መርፌው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። አሞጽ ገና መጀመሩ ነው።

መጋቢት 2

አሰብኩበት። መኪናው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ዕቃ ሲያጥር ምን እናደርጋለን? የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያንሰው ለአባወራው ግማሽ ግማሽ ይሰፍራል። ሁሉም ያማርራል፣ ግን ማንም ባዶ እጁን አይመለስም። መደርደሪያ ባዶ ከሆነ ነው ነጋዴ የሚሞተው።

ምላጭ አመጣሁ። ክኒኖቹን እኩል ከፈልኳቸው። ቀኔን አራዘምኩ።

ማታ ማታ አሞጽን አዌቱ ድልድይ አጠገብ ነው የማገኘው። አሳየሁት።

"ሲስተር ሳታጓድሉ አላለችም?" አለኝ።

"ሲስተር ሱቅ ኖሯት አያውቅም።"

ክኒኑን አገላብጦ አየው። "እሺ። ነጋዴ ያለው ይሁን" አለ።

መጋቢት 8

ከአጋሮ ሹፌር መጣ። ዙሀራ ቡላና ማር ልካለች። "እንዴት ነህ ብላሃለች" አለኝ። ደህና ነኝ በላት። ትንሹ ልጅ ጥርሱ ተነቅሏል አሉ። እኔ ሳላይ ጥርስ ይነቀላል...

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ቀትር ላይ ነው። ሁለት ሴቶች ጨው ያስመዝናሉ። ጀማለዲን ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ያወራል። አንድ ቀጭን ሰው፣ አቧራ የለበሰ፣ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ መጣ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ። ደሬሳ እባላለሁ፣ ከጤና ነኝ። ሀብተጊዮርጊስ ወልዴ የሚባል ሰው እፈልጋለሁ። ገበያው አጠገብ ነው ብሎናል።"

ጀማለዲን ቀደመኝ። "ሀብተጊዮርጊስ? በዚህ መስመር? ወንድሜ፣ እዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁላችንም ጁምዓ ሰጋጆች ነን። ማኅበር ቤት ሄደህ ጠይቅ!" ሴቶቹ ሳቁ። "ለመሆኑ ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም። የምሰጠው ነገር አለ።"

ሰውየው ሚስጥር ይጠብቃል። በሽታውን አላነሳም። ወደኔ ዞረ። "እርስዎስ ኦቦ? ያውቁታል?"

አንዷ ሴት እጇን ሚዛኑ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ጀማለዲን ያየኛል።

"አላውቅም" አልኩ።

ሚዛኑ እጄ ላይ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

"በሱ በኩል የምናገኘው ሌላ ሰውም ነበር..." አለ ደሬሳ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ቦርሳውን አስተካከለና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደ። ከኋላው አየሁት። በየሱቁ ስሜን ጠየቀ። ስሜ ያልሆነውን።

ሲመሽ ሆስፒታል ሄጄ አገኘዋለሁ ብዬ አሰላሁ። ስሌት አላጣም እኔ።

መጋቢት 16

ትናንትም ዛሬም ሄድኩ። በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። ከገትር በሽተኛ ሌላ አይገባም። "ደሬሳ የሚባል የጤና ሰው..." አልኩ። "ወደ ገጠር ወጥቷል።" የት? "እኔን ትጠይቀኛለህ? ዞር በል፣ አባ!"

ለአሞጽ ልንገረው ብዬ ወደ ሰፈሩ፣ ሰቶ ሰመሮ ወረድኩ። የተከራየበት ቤት ባለቤት በሩን ከፈት አድርጋ፣ "የሚያስል ሰው አላኖርም ብዬ አስወጣሁት" አለች። ቡና ማበጠሪያውም በገትሩ ምክንያት ተዘግቷል። ሠራተኛው ተበትኗል።

ተጠሪው እኔ ነኝ። ጠፍቷል። የምጠየቀው እኔ ነኝ... ማን ይጠይቀኛል?

መጋቢት 29

ረመዳን ገባ። በሽተኛ እንዳይጾም ሐኪሙም ይላል፣ ሸሪዓውም ይፈቅዳል። ጀማለዲን ግን ምን ያውቃል? ቀን በሩን ዘግቼ፣ መብራት ሳላበራ ዳቦ እበላለሁ። አፌን እጉመጠመጣለሁ። ፍርፋሪውን አነሳለሁ። በገዛ ዳቦዬ ሌባ ሆንኩ።

ሚያዝያ 4

ላቡ ተመለሰ። አንሶላው ይጨመቃል። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ።

ክኒኑ አለቀ። አብቃቃሁት፣ አብቃቃሁት... ምን ፈየደልኝ?

ዛሬ በአክታዬ ውስጥ ደም አየሁ። ትንሽ ነው።

ሚያዝያ 11

ሰርቦ ገበያ ጨው ይዤ ሄድኩ። ቤት መዋል አልቻልኩም። አንድ ገበሬ ደንበኛዬ ጆንያውን እያሰረ ወሬ አወራኝ። አንድ የከምባታ ሰው ከቡና ጎተራው ሥር ወድቋል፤ ገትር ነው ብለው ማንም አይቀርበውም፤ ውኃ በረጅም እንጨት እየገፉ ነው የሚሰጡት። "ይዘምራል እኮ፣ በአፍንጫው" አለኝ።

ጨውን ትቼ ሄድኩ።

መሬት ላይ ነው። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አሞጽ።"

"ጋሼ፣ ገበያ ላይ ነን እኮ። አያውቁኝም።"

"ተነስ።"

"ሰው ያያል..."

"ተነስ ብያለሁ!"

የሚያነሳልኝ ሰው ለመንኩ። ማንም አልመጣም። እኔም አቅም የለኝም። እሱ በኔ ላይ፣ እኔ በሱ ላይ ተደግፈን በገበያው መሃል አቋርጠን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ገበያው መንገድ ለቀቀልን። እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ በሕይወቴ ተለቆልኝ አያውቅም።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ስንደርስ እግሬ ቀጥ አለ። የሆስፒታሉ አግዳሚ ሰዎች ሁሉ እዚያ ተቀምጠዋል። ያ ባለ ባርኔጣው መምህር። ያቺ ጠላ ሻጭ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መርፌ ይጠብቃሉ። እዚህ ነበር ያዛወሩን! አሞጽ ወድቆበት ከነበረው ጎተራ የበረንዳው ወሬ ይሰማል።

ደሬሳ መርፌ እየቀቀለ ነበር። ወጣ። አሞጽን ደግፎ አስቀመጠው፣ ካርዱን አየ።

"የዚህ ሰው ተጠሪ ጠፍቶብን ነው" አለ። "ሀብተጊዮርጊስ የሚባል። ጅማን ዞርኩ..." ቀና ብሎ አየኝ። ለየኝ። "እርስዎንም ጠይቄ ነበር፣ ኦቦ።"

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተኮልኩሏል። ግማሹ ደንበኞቼ ናቸው። ያ ገበሬም አለ፣ ጨውን ተሸክሞ።

"ሀብተጊዮርጊስ እኔ ነኝ" አልኩ። ከአጥሩ ውጭ አልተሰማም። ደገምኩት። "እኔ ነኝ። ስሜ ሸኩር ነው። የሱ ተጠሪ እኔ ነኝ። በሽታውም አለብኝ።"

ከአጥሩ ወዲያ ገበሬው ጨውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ደሬሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ያን ቀን እኮ" አለ፣ "የሁለታችሁም መድኃኒት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

ክኒኑን እንደቆረጥኩ፣ አሞጽንም እንዳስቆረጥኩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ግማሽ ክኒን በሽታውን አይገድለውም ኦቦ። ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል።" ከመጀመሪያው እንጀምራለን አለ፤ ሁለታችንም። አሞጽን እዚያው አስተኛው። መርፌው ሲገባልኝ ቢስሚላህ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

ወሬው ከኔ ቀድሞ ጅማ ገብቷል። ትልቁ ገበያ ነው። አንድም ሰው ጨው አልገዛኝም። ስንት ዘመን ከኔ የገዙ ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በወዲያኛው ጥግ አለፉ። አልፈርድባቸውም። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ይህን ማወቄ ነው የሚያመኝ።

ጀማለዲን ራቅ ብሎ ቆመ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህስ?"

ወደ ሱቁ ተመለሰ። አፍጥር ሲደርስ በሳህን ሳምቡሳና ተምር አምጥቶ ደፉ ላይ አስቀመጠልኝ። ጾምክ አልጾምክ አላለኝም። ጥቂት ሄደና ዞረ፣ "ሳህኑን... አትመልሰው፣ እዚያው ይሁን" አለ።

በላሁ። ሳህኑን አጠብኩት። ጥሩ ሳህን ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ።

ሚያዝያ 28

ዒድ። ተክቢራውን በመስኮት ሰማሁ። አልወጣሁም።

የአጋሮው ሹፌር ዘግይቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ዙሀራ ያስጠናችውን ቃል በቃል አለልኝ፦ "ሰው ፊት በስምህ መቆምህን ሰማሁ። አባቴም ሰማ፣ ተቆጣ፣ መልስ ሰጠሁት። ልጆቹን አሁን አላመጣም። አክታህ ሲጠራ እመጣለሁ። ደግሞ ክኒን እንዳትቆርጥ።"

"እሱን ሁለቴ እንድልህ ነግራኛለች" አለ ሹፌሩ። "ክኒን እንዳትቆርጥ።"

ከሰዓት ሰርቦ ሄድኩ። መርፌ ዒድ አያውቅም። አሞጽ ተነስቶ መቀመጥ ጀምሯል። ገና ከበር ሳለሁ፣ "ዒድ ሙባረክ፣ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ!" አለኝ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም። ለስንት ጊዜ እንዳልሳቅኩ አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ ልጆቹ ለዒድ የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ዘረጋሁ። መልሼ ጠቀለልኩት።

ግንቦት 14

ዝናቡ ጠነከረ፣ ገትሩ ሸሸ። ድንኳኑ ተነቀለ። ክፍላችን ተከፈተ። ግድግዳውን ኖራ ቀብተውታል። አግዳሚው ተመልሷል፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፏል። ሲስተር ብርሃንነሽ ከስታለች። እህቷን ገትር ወስዶባታል አሉኝ።  "አላህ ያጽናሽ" አልኩ።

አዲስ ካርድ አወጣችልኝ። "ስም?"

"ሸኩር በድሩ።"

"ጊዮርጊስስ?"

"አሰናበትኩት።"

አክታዬ አልጠራም። ገና ረጅም ነው። የአሞጽም እንደዚያው። እሱንም ወደዚህ አዛውረውታል፣ ተጠሪ ጠየቁት። ሱቄን፣ መስመሩን፣ በሩ አረንጓዴ መሆኑን ሳይቀር አስጻፍኩ።

ግንቦት 24፣ ሐሙስ

ገበያ። ጥቂት ሰው ገዛኝ፤ አብዛኛው ከሩቅ የመጣ፣ የማያውቀኝ። ሱቄ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ድሮ ቦታ አይገኝም ነበር። ዛሬ ዝናብ ብቻ ተቀመጠበት። በጨርቅ አደረቅኩት።

አሞጽን አየሁት። ጆንያ አልያዘም፣ ምርኩዝ ይዟል። በሱቄ ትይዩ ሲደርስ አንገቱን ወደ ወዲያ ጠመዘዘ። ውላችን ነው። እስካሁን ይጠብቃል!

"አሞጽ!"

አንገቱን ሳይመልስ ሄደ።

"አሞጽ! የከምባታው!"

ገበያው ዞረ። ጀማለዲን ሜትሩን እንደያዘ ብቅ አለ። አሞጽ ቆመ።

"ሰው ተሳስተዋል፣ ጋሼ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እኔ እርስዎን አላውቅም።"

የሚገባኝ ነው። ጠበቅኩት። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት... ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"ና ተቀመጥ፣ ተሸካሚ!"

መጥቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዳቦና የዙሀራን ማር በዚያ ሳህን አቀረብኩ። ከሁለታችን በቀር በአግዳሚው ማንም የለም። ሰው በሩቅ ያልፋል። አሞጽ የሳህኑን ሰማያዊ ጠርዝ በጣቱ ዞረው።

"ጥሩ ሳህን ነው። የማን ነው?"

ጀማለዲንን አየሁት። ጨርቁን ይለካ ጀመር።

"የኛ ነው" አልኩት።